ይታጠፍ፣ ይመለስ

ጥር 8

ሸተተኝ! ዛሬ ሸተተኝ!

ያ የተረገመ ጉንፋን አፍንጫዬን ዘግቶብኝ ከሄደ ወዲህ ሳሙናው፣ ሽንኩርቱ፣ የክብሪት ጭሱ እንኳ ለእኔ አልነበረም። ለማንም አልተናገርኩም። የልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀባይ ሆኖ አፍንጫ የለኝም ማለት፣ ሾፌር ሆኖ ዐይኔ አያይም እንደ ማለት ነው። ሰው የሚያመጣውን ልብስ ኮሌታውንና ብብቱን አሽትቼ በምን እንደሚታጠብ የምለየው እኔ ነኝ። ታጥቦ ሲወጣም የመጨረሻው ፍርድ የእኔ ነው። ንጹሕ ከሆነ «ይታጠፍ» እላለሁ፤ ካልሆነ «ይመለስ»። እነዚህን ሳምንታት በዐይኔ እየገመትኩ፣ አፍንጫዬን ጨርቅ ውስጥ ቀብሬ እንደ ተዋናይ ስተውን ከረምኩ። ጎኔ ቆሞ ልብስ የሚተኩሰው ጋሼ ካውያ እንኳ አልጠረጠረም።

ዛሬ ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ ስታቅፈኝ መጣ። የተቃጠለ ጎማ ይመስላል፤ ከሥሩ ደግሞ የበሰበሰ ሽንኩርት አለበት። ከአንገቷም ከዩኒፎርሟም። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። «ይመለስ!» አልኳት እየሳቅሁ።

የቤታችን ጨዋታ ነው። ትንሽ ሳለች ከታጠበች በኋላ አናቷን ዝቅ ታደርግልኛለች፤ እኔ እንደ ሥራ ቦታዬ ኮስተር ብዬ አሸትና «ይታጠፍ!» እላለሁ፤ ከዚያ በፎጣ ጠቅልዬ እጇንም እግሯንም አጣጥፌ አልጋ ላይ አስቀምጣታለሁ። «ይመለስ» ብያት ግን አላውቅም፤ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ሳቀች፤ ያ ፍንጭት ጥርሷ ታየ። ፍንጭቴ የምላት ለዚሁ ነው። «ደግሞ ምን ሆኜ ነው?» ብላ ሄዳ ታጠበች።

ተመስገን። አፍንጫዬ ተመለሰልኝ።

ጥር 11፣ እሑድ

ዩኒፎርሟን ሁለቴ አጠብኩት። አሁንም አለ። እንግዲያው ልብሱ አይደለም።

እህቴ ስትደውል ነገርኳት። «ዐሥራ አራት ዓመቷ እኮ ነው። ልጅ ሲያድግ ጠረኑ ይለወጣል፤ የእኛንስ ረሳሽው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፍንጭቴን አጠገቤ አስቀምጬ በወግ መከርኳት። ሴት ልጅ ራሷን መጠበቅ እንዳለባት፣ ሰው ፊት ለፊት እንደማይናገር፣ ከኋላ ግን እንደሚያወራ። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ስጨርስ «ብዙ ነው እማ?» አለች።

«በዛ ይላል» አልኳት። እናት ካልነገረች ማን ይነግራል?

ጥር 14

ሥራ በዝቷል። ዛሬ የታጠበውን ግማሹን መለስኩት። አጣቢዎቹ አጉረመረሙ። ጋሼ ካውያ ካውያውን አቁሞ «አንቺ፣ ዛሬ ከተማው ሁሉ ገማ እንዴ?» አለኝ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። ሰነፍ አጣቢ ሁሌም በአፍንጫ ያሳብባል።

ጥር 16

ሳሙና አልቋል። ትናንት ነው የገዛሁት። ፍንጭቴ ጠዋትም ማታም መታጠብ ጀምራለች። ምክር የሚሰማ ልጅ መታደል ነው። ሽታው ግን ፍንክች አላለም። ውጭ የምትበላው ነገር ይሆን?

ጥር 19፣ ሌሊት

እንቅልፍ የለም። ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

ተኝቼ ሳለሁ ጭስ መጣብኝ። የሚቃጠል የኤሌክትሪክ ሽቦ። ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። ምድጃውን አየሁ፤ ጠፍቷል። ሶኬቱን ሁሉ በመዳፌ ዳበስኩ፤ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው። ጭሱ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ቆሟል። ፍንጭቴን ቀሰቀስኳት፤ መስኮቱን በሙሉ ከፈትን። ልጄ በብርድ እየተንቀጠቀጠች አየሩን ሳበች፣ ደግማ ሳበች። «ምንም የለም እማ።»

«እንዴት አይሸትሽም? የዘንድሮ ልጆች አፍንጫ የላችሁም!»

 በጨለማው የሌሊት ልብሷን እጅጌ ወደ አፍንጫዋ ስትወስድ አየኋት። ከዚያ ቀስ ብላ «እኔ እሆን እንዴ የምሸትሽ?» አለችኝ።

«አንቺማ ሌላ ነው፤ ይሄ ጭስ ነው» አልኳት።

እንድትረጋጋ ብዬ ነው። እንደዚያ የተረዳችኝ ይመስለኛል። ወደ አልጋዋ ሄደች፤ ስትገላበጥ ይሰማኛል። መስኮቱን ልዝጋው መሰለኝ። ቤቱ እየተቃጠለ አይደለም፤ ጭሱ ግን እዚሁ ነው።

ጥር 24

እንቁላል ጠበስኩ፤ ሬሳ ሸተተኝ፤ ደፋሁት። ዳቦው ይሻላል። የጥርስ ሳሙናው አይቻልም። ቀበቶዬን በአንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጠበቅሁ።

ፍንጭቴ ከእኔ ጋር ገበታ መቅረብ ትታለች። ሳህኗን ይዛ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። «ምነው?» ስላት «እዚህ ነፋስ አለ» አለችኝ። ጉርምስና።

ሳሙናው እንደገና አልቋል። ሳሙና ትበላለች ወይ ብዬ ቆጣ አልኩ።

የካቲት 1

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

የአንዲት ደንበኛ የሱፍ ካፖርት ሦስቴ አስመልሼ አሳጠብኩ። ዛሬ ሲወጣ ለሕፃን የተሰፋ ይመስላል። ሴትዮዋ ባንኮኒው ጋ ቆማ አለቀሰች፤ የእናቷ ነበር። እትዬ፣ የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት፣ ራሷ ደግፋ ሸኘቻት።

ሁሉም ሲሄድ ጋሼ ካውያ መጣ። ጥቅልል ፎጣ ይዟል። «እስቲ ይሄን አሽቺልኝ» አለ። አሸተትኩ። ያው ጎማ፣ ያው ብስባሽ። «ይመለስ» አልኩ።

አንገቱን ነቀነቀ። «አሁን ነው ከማድረቂያው ያወጣሁት፤ ገና ትኩስ ነው፤ ንኪው።» ነካሁት፤ ሞቃት ነበር። የራሱን ክንድ ዘረጋልኝ፤ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ላብ ያጠመቀውን። አሸተትኩ። ከፎጣው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ፍጹም አንድ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንሽው እቴ?» አለኝ።

 ቀኑን አውቀዋለሁ። ከላይ ጽፌዋለሁ፤ የደስታ ምልክት አድርጌበት።

የካቲት 4

የአንገት በላይ ሐኪም። ወጣት ነው፤ ይቸኩላል፤ ግን ጨዋ። አፍንጫዬን በመብራት አየ። «አፍንጫዎ ደህና ነው። ሽታ ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ጉንፋኑ ጎድቶታል፤ አሁን ሲያገግም መልእክቱን እያዛባ ነው የሚያደርሰው። የሌለ ነገር የሚሸትዎትም ከዚያው ነው» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚሆን ነገረኝ፤ ሽንኩርት፣ ቡና፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና እንደሚበላሽባቸው።

«ሰውስ?» አልኩት።

«ሰውም። አንዳንዶች በጣም የሚቀርቡት ሰው ነው የሚብስባቸው፤ አዘውትረው የሚያሸቱት እሱን ስለሆነ።»

መቼ እንደሚሻለኝ ጠየቅሁ። ለአንዳንዱ በወራት፣ ለአንዳንዱ በዓመት አለ። ለሌላውስ ስለው እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

አስፋልቱን ዳር ዳሩን ይዤ በእግሬ ተመለስኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። እኔ ደግሞ የራሴ አርሮ ልጄን ሳማስል ከረምኩ።

የካቲት 5

ዛሬ ልነግራት ነበር። ፈተና አለባት። እስክትጨርስ ይቆይ።

የካቲት 7

እትዬ ከመቀበያው አንሥታ ማጠፊያ ክፍል አስገባችኝ። «እስኪሻልሽ ነው» አለች፤ ግን ቦታዬ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። አሁን እሷ «ይታጠፍ» ስትል እኔ አጥፋለሁ። ስትለው ድምጿ ቀጭን ነው፤ ክብደት የለውም። ቅናት ነው፤ አውቃለሁ።

ፍንጭቴ ሌላ ሳሙና ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። አልተቆጣሁም። አልነገርኳትምም።

የካቲት 10

የክፍል ኃላፊ መምህሯ ጠራችኝ። ደግ ሴት ናት። «ውጤቷ አልወረደም። ግን እጇን ማውጣት ካቆመች ቆየ። መልሱን እያወቀች ክንዷን ጎኗ ላይ ለጥፋ ትቀመጣለች። ቦታዋንም ቀይራ ኋላ መስኮቱ ሥር ብቻዋን ሆናለች። ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለ?»

«ምንም የለም፤ ጉርምስና ይሆናል» አልኳት። አፌ ነው የመለሰው።

እጇን አታወጣም። ይህን ቃል ይዤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ አጠፍኩ። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

ማታ

ተኝታለች። ወይም የተኛች መስላለች። ነገ።

የካቲት 13

ነገ ነገ ስል ሦስት ነገ አለፈ። ምን ብዬ ልጀምር? «የሸተትሽው አንቺ ሳትሆኚ እኔ ነኝ» ልበል? ማታ ደፍሬ ወደ ክፍሏ ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ልቀመጥ ስል ፈቀቅ አለችልኝ፤ ጥግ እስክትደርስ፤ ግድግዳው ላይ እስክትለጠፍ። «ሩቅ ልሁንልሽ ብዬ ነው እማ» አለችኝ። እንደዚህ ነው ያለችው፤ በትህትና፤ ሰው በአውቶቡስ ውስጥ ለአሮጊት እንደሚለቅ።  ብርድ ልብሷን አስተካክዬ ወጣሁ።

ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።

የካቲት 16፣ እሑድ

 እንደምንም ልጻፈው።

እህቴ መጣች። በሩ ላይ ፍንጭቴን እንዳቀፈቻት «ምነው በረኪና በረኪና ትያለሽ? ዋና ጀመርሽ እንዴ?» አለቻት። እየቀለደች ነው። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ የልጄን ፊት አየሁት፤ ደም የሚባል የለበትም። ክንዷ ጎኗ ላይ ተጣብቋል።

ይዤ አነሣሁት። «ተዪኝ እማ!» አለች። አነሣሁት።

ብብቷ ተልጧል። ሥጋው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል፤ ሸሚዟ ተጣብቆበታል። ሁለቱም። አንገቷም ከፀጉሯ ሥር። እኔ ለነጭ ልብስ ማጠቢያ ብዬ ከሥራ ቦታ ያመጣሁት በረኪና ነው። በጨርቅ እየነከረች ትፈትግ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልነገረችንም። «ነጭ ልብስ ላይ ሁሉንም ያስለቅቃል ስትዪ ሰምቼ ነው» አለች።

በረኪና እኮ ከመንገድ ማዶ የማውቀው ሽታ ነበር። ሃያ ዓመት የኖርኩበት። ልጄ ጠዋትና ማታ በፊቴ በረኪና እየሸተተች ስታልፍ፣ ለእኔ ያው ጎማ ነበረች።

ክሊኒክ ሄድን። ቅባት ሰጡን፤ ነርሷ እያየችኝ «ማነው ትሸቻለሽ ያላት?» አለች። እህቴ ወደ ግድግዳው ዞረች።

የካቲት 17

ነገርኳት። ሁሉንም። ካፖርቱን፣ ፎጣውን፣ የጋሼ ካውያን ክንድ፣ ሐኪሙን። «አንቺ ምንም አልሸተትሽም፤ ከመጀመሪያውም አልሸተትሽም፤ የተበላሸው የእኔ አፍንጫ ነው» አልኳት። መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ረጅም ጊዜ ቅባቱን ጣቷ ላይ ስታሽ ቆየች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በካፖርቱ ቀን።»

አሰበች። ዐይኖቿ ቀን ሲቆጥሩ አየኋቸው። «በረኪናውን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው» አለች።

 ምነው በሰደበችኝ።

የካቲት 21

እህቴን ለመንኳት፤ መጣች፤ አሸተተቻት፤ «እናቴ ትሙት፣ ምንም የለሽም! ሕፃን ሕፃን ነው የምትሸቺው» አለቻት። ፍንጭቴ በጨዋነት ሰማቻትና «እማ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ» አለች። እውነትም እኔ ነኝ እንዲህ በያት ያልኩት። መምህሯም ብትምል ያው ነው። የክፍል ጓደኞቿን ልጠይቅ ብላት «እንዳትሞክሪው!» ብላ ጮኸች፤ ከነገርኳት ወዲህ የጮኸችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ሁሉ ሰው ባመጣ፣ ያን ሁሉ መሐላ ባስምል፤ እሷ ጋ የገባው ግን የእናቷ ቃል ነው፤ ሕይወቷን ሙሉ ተሳስቶ የማያውቀው የእናቷ አፍንጫ።

የካቲት 25

እሷ ራሷ ጉዳዩን አስረዳችኝ። ሳህን እያጠብን ነበር፤ እሷ በአንድ እጇ፣ በቀስታ። «ነርቭሽ ነው የተበላሸው ትያለሽ፤ አምንሻለሁ። ግን አንቺ ሲሸትሽ ፊትሽ ይለወጣል። የአፍሽ ጥግ እንዲህ ይላል።» በራሷ ፊት አሳየችኝ። የእኔን ፊት በልጄ ፊት ላይ አየሁት፤ የተጸየፈ ሰው ነው። «አሁንም ስገባ እንዲያ ይላል። እኔ የማየው እሱን ነው» አለችኝ።

ሌሊቱን አለቀስኩ። ምነው ያኔ እንደተዘጋ በቀረ። ድንጋይ አፍንጫ ይዤ ብኖር ከሥራ ብባረር ምን ነበረበት?

መጋቢት 3

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ፊቴን ማሠልጠን ጀምሬያለሁ።

ፍንጭቴ ትምህርት ቤት ስትሆን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መስተዋት አቆማለሁ። ሽንኩርት እቆርጣለሁ፣ የጥርስ ሳሙናውን እከፍታለሁ፣ እንቁላል እሰብራለሁ። በላያቸው አጎንብሼ የአፌን ጥግ አያለሁ። ዛሬ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ጋሼ ካውያ ቢያየኝ በሳቅ ይሞታል። ይሙት፤ እኔ አልተውም።

መጋቢት 6

ተሻሻለ። ቅንድቤ ረግቷል፤ አፌ ግን ያመልጠኛል።

መጋቢት 10

ዘዴው ተገኘ! አለመሳብ ነው። ከመጠጋቴ በፊት በአፌ አየር እሞላና አፍንጫዬን ከውስጥ እዘጋለሁ። ሽታው ካልገባ ፊት የሚጠላው ነገር የለውም። መስተዋቱ ውስጥ አንዲት ረጋ ያለች እናት ታየች። ፈገግ እንኳ አለች።

ቁስሏ እየዳነ ነው። ዛሬ ቀለል ያለ ሸሚዝ ለበሰች። ሻይ ስሰጣት ተጠጋሁ፤ አየር ይዤ። ፊቴን አየችው፤ ደግማ አየችው። ምንም አላገኘችም። ሰረቅ አድርጋ ስታየኝ ዋለች።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። ፀጉሯ ይንጠባጠባል። እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ። ፊቴ መጥታ ቆመች፤ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ አናቷን ዝቅ አደረገችልኝ።

ከስንት ዓመት በኋላ። ሳልጠራት። ሳልለምናት።

አየር ሞላሁ። እርጥብ አናቷ ላይ አፍንጫዬን ቀበርኩ። ቆየሁ፤ እንደ ሥራዬ፤ አልቸኮልኩም። ፊቴ ድንጋይ ሆኖ፣ ደግ ድንጋይ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ቀና ብዬ «ይታጠፍ!» አልኩ።

በፎጣው ጠቀለልኳት። አድጋለች፤ እግሮቿ ይወጣሉ፤ አንዱን ስከት ሌላው ያመልጣል። ሳቀች። ፍንጭቷን አየሁት፤ ከጥር ወዲህ ያላየሁትን። እኔም ሳቅሁ። አልጋው ላይ አስቀመጥኳት፤ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ያኔ ብሞት ደስታዬ ነበር።

ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ጆሮዋ ደረቴ ላይ ነው።

«እማ።»

«ወዬ።»

«ስታሸቺኝ አልተነፈስሽም።»

 ለፊቴ ያን ሁሉ ቀን ስለፋ ለምላሴ ምንም አላዘጋጀሁለትም።

«ግድ የለም» አለችኝ። ጉንጬን ዳሰሰችኝ፤ ልጅ የምታባብል ይመስል። ከፎጣው ራሷን ፈታች፤ ፎጣውን በሥርዓት፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ አጠፈችው፤ እኔ እንዳስተማርኳት። አልጋው ላይ ትታው ተመልሳ መታጠቢያ ቤት ገባች።

ውሃው ተከፍቷል። ከበሩ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። በረኪናው ቤት ውስጥ የለም፤ እሱን አስወግጃለሁ። ቅድም በሩን ገርበብ አድርጋ ሳሙና እንዳቀብላት ጠየቀችኝ።

አቀበልኳት።